ቻይናዊና ሜክሲኳዊት በ1880ዎቹ ቱሰን፦ የት ይጋባሉ? ንብረታቸውስ ለማን ይቀራል?

ጥያቄው፦ «በአማርኛ ታሪካዊ ልቦለድ እየጻፍኩ ነው። ታሪኩ የሚካሄደው በ1880ዎቹ፣ በአሪዞና፣ ቱሰን ከተማ ነው። ወንዱ ከቻይና የመጣ ልብስ አጣቢ፣ ሴቷ ሜክሲኳዊት መበለት ናት። ሁለቱም ነጮቹ በያዙት አገር ባይተዋር ናቸው። ሕጉ እንዳይጋቡ ይከለክላቸው ነበር? ሸሪፉ ሌሊት መጥቶ ሲያስራቸው የሚያሳይ ምዕራፍ ጽፌያለሁ፤ ያስኬዳል? የት ሄደው መጋባት ይችሉ ነበር? ልጆቻቸውና ቤታቸውስ ምን ይሆናሉ?»

ምላሽ፦

አዎ፣ የአሪዞና ሕግ ይከለክላቸው ነበር። የሸሪፉን ምዕራፍ ግን ቢያወጡት ይሻላል። እንዲህ ያሉ ጥንዶችን አብዝቶ የጎዳው ሽጉጥ ሳይሆን ወረቀት ነው። ሁለቱ አንድ ጣሪያ ሥር ሲኖሩ ሸሪፉ አይቶ እንዳላየ ሊያልፍ ይችላል፤ ጎረቤትም ያማል እንጂ ክስ አያቆምም። ነገሩ የሚፈነዳው ለጋብቻ ፈቃድ መዝገብ ጸሐፊው ፊት ሲቆሙ፣ ከሁለቱ አንዱ ሞቶ ንብረት ሲጣራ፣ ወይም ባልየው የመኖሪያ ወረቀት ሲጠየቅ ነው። ታሪኩን በእነዚህ ሦስት አጋጣሚዎች ዙሪያ ቢያዋቅሩት ለዘመኑ እውነት ይቀርባል፤ ውጥረቱም ከሌሊት እስር ይበልጣል። ከዚህ በታች የምጠቅሳቸው ዓመቶች ሁሉ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።

ከሕጉ እንጀምር። አሪዞና ያኔ ክፍለ ግዛት አልሆነችም፤ በዋሽንግተን ሥር ያለች ግዛት ነበረች። የግዛቷ ምክር ቤት በ1865 ባወጣው ሕግ ነጭ ከጥቁር፣ ከክልስ፣ ከአገሬው ተወላጅ ወይም «ሞንጎል» ከተባለ ሰው ጋር የሚፈጽመው ጋብቻ ሕገወጥና ፈራሽ ተባለ። «ሞንጎል» ሲሉ ቻይናውያንን ማለታቸው ነው። ወንዱ ገጸ ባሕርይዎ የሚገባው እዚህ ውስጥ ነው።

ሴቷ ጋ ሲደርሱ ነገሩ ይጠላለፋል። አሜሪካ ከሜክሲኮ ጋር ያደረገችው ጦርነት በ1848 በጓዳሉፔ ኢዳልጎ ውል ሲቋጭ፣ በተወሰደው መሬት ላይ የቀሩ ሜክሲኳውያን የአሜሪካ ዜጋ እንዲሆኑ ተፈቀደ። ቱሰን ያለችበት ደቡባዊ አሪዞና ደግሞ አሜሪካ ከሜክሲኮ መሬት በገዛችበትና በ1854 በጸደቀው የጋድስደን ግዢ ተጨመረ። ያን ጊዜ በማመልከቻ ዜጋ መሆን የሚችለው ነጭ ብቻ ስለነበር፣ ሜክሲኳዊ በሕግ ዓይን ከነጭ ተቆጠረ። ኑሮው ግን ሌላ ነው። በደመወዝም፣ በሰፈርም፣ በሸንጎም ከነጭ በታች ነበሩ። እና የእርስዎ መበለት ነጭ ተብላ የምታገኘው ጥቅም ሳይኖር፣ ነጭ በመባሏ ብቻ ከምትወደው ሰው ጋር መጋባት ትከለከላለች። ልቦለዱ ውስጥ ይህን ነጥብ አንባቢው ቀስ ብሎ እንዲደርስበት ያድርጉ እንጂ ተራኪው አስቀድሞ እንዳይነግረው።

አፈጻጸሙ ወጥ አልነበረም። ማን ነጭ እንደሆነ፣ ማን እንዳልሆነ የሚወስነው በተግባር ጠረጴዛው ላይ የተቀመጠው ጸሐፊ ነው፤ መሣሪያውም ዓይኑ ብቻ ነው። ከሦስት አሥርት ዓመታት በኋላ በካሊፎርኒያ ኢምፔሪያል ሸለቆ ከሕንድ አገር ፑንጃብ የመጡ ገበሬዎች ሜክሲኳውያት ሴቶችን ማግባት ሲጀምሩ የሆነው ይህንን ያሳያል። ጸሐፊዎቹ ብዙ ጊዜ ሁለቱን ካዩ በኋላ «አንድ ዓይነት መልክ ናቸው» ብለው ፈቃዱን ይሰጡ ነበር፤ ሌላ ወረዳ ያለ ጸሐፊ ደግሞ ይከለክላል። ሴቷ በፀሐይ የጠቆረች የእርሻ ሠራተኛ ብትሆን ፈቃዱን ልታገኝ፣ ቀላ ያለች የከተማ ልጅ ብትሆን ልትከለከል ትችላለች። ስለዚህ ጸሐፊው ፊት የሚቆሙበትን ትዕይንት ሲጽፉ ጸሐፊው ሕግ ሲጠቅስ አያሳዩት። ቀና ብሎ ሴቲቱን ያያታል፣ እጇን ያያል፣ እንደገና ወንዱን ያያል። ፍርዱ ያ ነው።

«ፈራሽ» የሚለውን ቃል ጠንቅቀው ይያዙት፤ የልቦለዱ ሕጋዊ አጥንት እሱ ነው። ፈራሽ ጋብቻ ከመጀመሪያው እንዳልነበረ ይቆጠራል። ለማፍረስ ፍቺ አያስፈልግም፣ ተቃዋሚ ሆኖ የሚመጣው ደግሞ ባልና ሚስቱ ብቻ አይደሉም። ጥቅም ያለው ሦስተኛ ሰው፣ ለምሳሌ የሟች ወንድም፣ ሠላሳ ዓመት አብረው ከኖሩ በኋላ ተነስቶ «ይህቺ ሴት ሚስቱ አልነበረችም» ማለት ይችላል። አሪዞና ደግሞ ከስፔንና ከሜክሲኮ ሕግ የወረሰችው የባልና ሚስት የጋራ ሀብት ሥርዓት ነበራት፤ በትዳር ውስጥ የተፈራው ለሁለቱም እኩል ነው። ጋብቻው ከሌለ ግን የጋራ ሀብት የሚባልም የለም።

ይህ በወረቀት ላይ ብቻ የቀረ አልነበረም። ጆን ዎከር የሚባል ነጭ አሪዞና ውስጥ የአገሬው ተወላጅ ከሆነው ከፒማ ሕዝብ ጋር ኖሮ፣ ቋንቋቸውን ተምሮ፣ ቹርጋ የተባለች የፒማ ሴት በሕዝቡ ልማድ አግብቶ ነበር። ሁዋና የምትባል ልጅ ወለዱ። ሰውየው በኋላ ቬኮል ከሚባለው የብር ማዕድን ሀብት አፈራ። በ1891 ሲሞት ልጅቱ ውርስ ጠየቀች። የአሪዞና ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1896 የሰጠው መልስ የ1865ቱን ሕግ የጠቀሰ ነበር፤ የአባትና የእናቷ ጋብቻ ፈራሽ ስለሆነ ሕጋዊ ልጅ አይደለችም፣ አትወርስም። በኦሪገንም ኦፊሊያ ፓኬት የተባለች የአገሬው ተወላጅ የቲላሙክ ሴት ከነጭ ባሏ ከፍሬድ ጋር ከሠላሳ ዓመት በላይ ኖራለች። ባሏ በ1919 ሳይናዘዝ ሲሞት የቀረው ጥቂት መሬት፣ እንስሳትና የእርሻ ዕቃ ነበር። የወረዳው ፍርድ ቤት ሚስት ናት ብሎ ንብረቱን እንድታስተዳድር ሾማት። ወንድምየው ይግባኝ አለ፤ የኦሪገን ጠቅላይ ፍርድ ቤትም በ1921 ለእሱ ፈረደ።

ቱሰን ራሷ ውስጥ ደግሞ በ1921 ጆ ኪርቢ የተባለ የሜክሲኮ ዘር ያለው ሰው ጥቁር ሚስቱን ሜየለንን በፍቺ ፈንታ «ጋብቻችን ፈራሽ ነው» ብሎ ከሰሳት። የእሷ ጠበቃ ሰውየው ነጭ አይደለም ብሎ ተከራከረ፤ እናቱም በአስተርጓሚ መሰከረች። በ1922 ጠቅላይ ፍርድ ቤቱ ሜክሲኳዊ በሕግ ከነጭ ዘር ይቆጠራል፣ ስለዚህ ጋብቻው አልነበረም አለ። ለዓመታት ሚስቱ ሆና የኖረች ሴት በአንድ ቃል ምንም ሆና ቀረች። ይህን ጉዳይ የማነሳው በቦታ ስለሚቀርብዎ ብቻ አይደለም። ክልከላው ከውጭ በሚመጣ ጠላት ብቻ ሳይሆን በትዳሩ ውስጥ ባለ ሰው እጅም መሣሪያ እንደሚሆን ያሳያል፤ ልቦለድ ጸሐፊዎች ይህን ገጽታ እምብዛም አይነኩትም።

አሁን የት ይጋባሉ የሚለው። መልሱ የሚወሰነው በመረጡት ዓመት ነው፤ ስለዚህ መጀመሪያ ዓመቱን ይቁረጡ።

ለእነሱ የሚሻለው ኒው ሜክሲኮ ነው። ያ ግዛት በ1857 ጥቁርና ነጭን የሚመለከት ክልከላ አውጥቶ በ1866 ሰርዞታል፤ ከዚያ በኋላ በዘር ምክንያት ጋብቻን የሚከለክል ሕግ አልነበረውም። ከአሪዞና ቻይናዊ–ሜክሲኳዊ ጥንዶች ወደዚያ ተሻግረው የሚጋቡም ነበሩ። መንገዱን ደግሞ እንዲህ ይቁጠሩት። የሳዘርን ፓሲፊክ ባቡር ቱሰን የገባው በመጋቢት 1880 ነው፤ በዚያው ዓመት መገባደጃ ሎርድስበርግና ዴሚንግ ደረሰ። ከ1881 ጀምሮ እንግዲህ ጥንዶቹ ቱሰን ተሳፍረው ኒው ሜክሲኮ መውረድ ይችላሉ። ከዚያ በፊት ከሆነ ያለው አማራጭ በአፓቼ መተላለፊያ በኩል የሚያልፈው የመንገደኞች ሠረገላ ነው፤ ያ መንገድ ደግሞ የአፓቼ ጦርነት መንገድ ነበር። የአፓቼው የጦር መሪ ጄሮኒሞ እጁን የሰጠው በመስከረም 1886 መሆኑን ልብ ይበሉ። ሐዲዱን ያነጠፉት በብዛት ቻይናውያን ስለነበሩ፣ ወንዱን በመጀመሪያ የሐዲድ ሠራተኛ አድርገው ቢያመጡት ለሠርጉ የሚሄድበትን መንገድ በገዛ እጁ የሠራው ይሆናል።

ቴክሳስም ይሆናል። ብዙ ሰው የቴክሳስ ሕግ የከፋ ስለነበር አይሆንም ይላል። እርግጥ ነው፣ ነጭ ከጥቁር ጋር ቢጋባ ከሁለት እስከ አምስት ዓመት ወኅኒ ያስገባ ነበር፤ ግን የተጻፈው በአፍሪካ ዘር ላይ ብቻ ነው፣ ቻይናዊን አይጠቅስም። ኤል ፓሶ በ1881 ባቡር ሲገባላት የቻይናውያን ሰፈርም አብሮ በቅሏል። ወንዱ ጥቁር ወታደር ቢሆን ኖሮ ግን መልሱ ይገለበጥ ነበር። ኮሎራዶም ጥቁርን ብቻ የሚከለክል ነው፤ በዚያ ላይ ከሜክሲኮ በተወሰደው ደቡባዊ ክፍል የሚኖሩ ሰዎች በአገራቸው ልማድ እንዲጋቡ በግልጽ ይፈቅዳል። እንዲህ ያለ በአንድ ግዛት ውስጥ ሁለት ሕግ የነበረበት ሌላ ቦታ አላውቅም። ዩታ እስከ 1888 ክፍት ነበረች። ኔቫዳ ከ1861 ጀምሮ ነጭን ከቻይናዊ ጋር መጋባት ብቻ ሳይሆን አብሮ መኖርንም ከልክላለች፤ ወደዚያ እንዳይልኳቸው። ካሊፎርኒያም በ1880 ለነጭና ለ«ሞንጎል» ፈቃድ እንዳይሰጥ ደንግጋለች።

ድንበር ማዶ ወዳለችው የሜክሲኮ ክፍለ ግዛት ወደ ሶኖራ መሻገርስ? በሜክሲኮ ያኔ የዘር ክልከላ የለም፣ የሲቪል ጋብቻም ከ1859 ጀምሮ አለ። ቅርብም ነው። ነገር ግን ብዙ ጸሐፊዎች የሚሳሳቱት እዚህ ላይ ነው፦ ችግሩ መሄዱ ሳይሆን መመለሱ ነው። በግንቦት 6 ቀን 1882 የጸደቀው የቻይናውያን ማገጃ ሕግ ቻይናዊ የጉልበት ሠራተኛ ወደ አሜሪካ እንዳይገባ ዘጋ። ቀድሞ የነበረ ሰው ወጥቶ ለመመለስ የመመለሻ ምስክር ወረቀት ያስፈልገዋል። በጥቅምት 1 ቀን 1888 ደግሞ የስኮት ሕግ ያን ወረቀት ራሱን ሻረው፤ ወረቀቱን ይዘው አገራቸው ሄደው የነበሩ 20,000 ያህል ሰዎች ከበር ተመለሱ። ስለዚህ በ1881 ወደ ሶኖራ ሄዶ ማግባት ቀላል ነው፤ በ1885 በወረቀት ይቻላል፤ በ1889 ግን ሙሽራው ሙሽሪትን ብቻዋን ወደ ቱሰን ሸኝቶ ድንበር ማዶ መቅረቱ ነው።

በኒው ሜክሲኮ የተፈጸመው ጋብቻ አሪዞና ሲመለሱ ይጸናል ወይ? ጠቅላላ ደንቡ ጋብቻ በተፈጸመበት ቦታ ሕጋዊ ከሆነ በሁሉም ቦታ ሕጋዊ ነው የሚል ነው። የካሊፎርኒያ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በ1875 በፒርሰን ጉዳይ ይህን አጽንቷል፤ ነጭ ባልና ጥቁር ሚስት ክልከላ ባልነበረባት ዩታ ተጋብተው ስለነበር፣ ካሊፎርኒያ ራሷ የምትከለክለውን ጋብቻ ተቀበለችው። ዳኞች የሚለዩት ግን አንድ ነገር አለ። ጥንዶቹ በእርግጥ እዚያ ይኖሩ ነበር ወይስ ሕጉን ለመሸሽ ብቻ ለሁለት ቀን ሄደው ተመለሱ? ሁለተኛው ከሆነ ፍርድ ቤት ላይቀበለው ይችላል። ስለዚህ ብልህ ጥንዶች ሎርድስበርግ ወይም ዴሚንግ ጥቂት ወራት ሠርተው፣ ቤት ተከራይተው፣ ሰው አውቋቸው ነው የሚመለሱት። የእርስዎዎቹ ያን ያህል አቅም ከሌላቸው፣ በጥድፊያ ተጋብተው መመለሳቸው የኋላው የውርስ ክርክር ፍሬ ነገር ይሆናል። የከሳሹ ጠበቃ የሚይዘው የባቡር ትኬቱን ቀን ነው።

በዚያው በኒው ሜክሲኮ የሚያጋባቸው ወይ ቄስ ነው፣ ወይ የአጥቢያ ዳኛ። ሴቲቱ ካቶሊክ መሆኗ የማይቀር ነው፤ እሱ ግን ካልተጠመቀ በቤተ ክርስቲያኒቱ ሥርዓት አማኝ ካልተጠመቀ ሰው ጋር ለመጋባት የጳጳሱ ፈቃድ ያስፈልጋል። ቀላሉ መንገድ ጥምቀት ነው። ጥምቀቱን በአንድ መስመር አይለፉት። የክርስትና አባት ያስፈልገዋል፤ ያ ሰው ከሜክሲኳውያኑ ሰፈር የተከበረ ሽማግሌ ይሆናል። ከዚያ በኋላ ባይተዋሩ ሰው ስፓኒሽ ስም አለው፣ አበልጅ አለው፣ በግብዣ የሚጠራበት ቤት አለው። ለአማርኛ አንባቢ አበልጅነት ምን ያህል እንደሚያስተሳስር ማስረዳት አያስፈልግም፤ በሶኖራና በአሪዞና ሜክሲኳውያን ዘንድም ክብደቱ እንደዚያው ነው። በ1880ዎቹ መጀመሪያ በቱሰን ያሉት ካህናት በአብዛኛው ፈረንሳውያን ነበሩ፤ ጳጳሱ ዣን ባፕቲስት ሳልፗንትም እንዲሁ። የዘር ልዩነት በቀኖናቸው እንቅፋት አልነበረም። ሆኖም ቱሰን ውስጥ ቢያጋቧቸው የሴቲቱ ሕሊናና የሰፈሩ አፍ ያርፋል እንጂ የውርስ ችሎቱ ጉዳዬ አይለውም።

አንድ ነገር ብቻ አጥብቄ ልጠይቅዎ፤ ወንዱን ልብስ አጣቢ ባያደርጉት። ልብስ አጣቢው ደንበኛው በአብዛኛው ነጭ ወንድ ነው፤ ሴቲቱን የሚያገኝበት ምክንያት ይጠፋል። የቱሰን ቻይናውያን በብዛት የተሰማሩበት ሌላ ሥራ አለ፦ አትክልት። በሳንታ ክሩዝ ወንዝ ዳር፣ ከሴንቲኔል ተራራ ግርጌ፣ ሊዮፖልዶ ካሪዮን ከመሰሉ ሜክሲኳውያን ባለመሬቶች ተከራይተው አትክልት ያለሙ ነበር፤ ያንኑ በጋሪ ጭነው በየሜክሲኳውያኑ በር ያዞራሉ። በየቀኑ የአንዲት መበለት በር ላይ የሚቆም ሰው ማለት ይህ ነው። የሚነጋገሩትም በስፓኒሽ ነው፤ እንግሊዝኛ ለሁለቱም የሦስተኛ ሰው ቋንቋ ነው። ልቦለድዎ ውስጥ በተሰባበረ እንግሊዝኛ ሲያወሩ ካሳዩ ትዕይንቱ ይወድቃል።

ውሃም አለልዎ። መስኖው በተራ የሚለቀቅ ነው። ስንዴና ገብስ የሚዘሩት ገበሬዎች በወቅቱ ጥቂት ጊዜ ካጠጡ ይበቃቸዋል፤ አትክልት ግን ቶሎ ቶሎ ካልጠጣ ይጠወልጋል። በዚህ ምክንያት በ1885 ከታች ያሉ ገበሬዎች ባለመሬቶቹን ከሰሱ፤ የክርክሩ ማዕከል የቻይናውያኑ አትክልተኞች ውሃ አበዙ የሚል ነበር። የሴቲቱ ወንድም ወይም አማች ስንዴ የሚዘራ ቢሆን ጥላቻው መነሻ ያገኛል፤ ቀለም ብቻ ሳይሆን ውሃም ይኖርበታል። ጥላቻ ብዙ ጊዜ እንዲህ ጥቅም ላይ ተንጠልጥሎ ነው የሚኖረው፤ ያለ ምክንያት የሚጠላ ሰው ካቆሙ ገጸ ባሕርይው ካርቶን ይሆናል።

በኋላ አትክልተኛው ገንዘብ ሲቋጥር በሜክሲኳውያኑ ሰፈር ትንሽ ሱቅ ይከፍታል። የብዙዎች መንገድ ይኸው ነበር። በዱቤ ይሰጣል፤ ልጆች ለመግዛት ሲላኩ «ፒሎን» የሚሉትን ምራቂ፣ አንድ ሁለት ከረሜላ፣ ይጨምርላቸዋል። ሰፈሩ ሱቁን የሚያውቀው በምራቂው ነው። ሱቁ ጀርባ የመኖሪያ ክፍል፣ ፊቱ የጭቃ ጡብ ግንብ፣ ወለሉ የተጠቀጠቀ አፈር። ሚስት ያለችው ባለሱቅ ደግሞ ከላጤው በእጅጉ ይሻለው ነበር፤ እሷ የሰፈሩን ሰው ታውቃለች፣ ማን ዱቤ እንደሚከፍል፣ ማን እንደሚክድ ትለያለች።

ስለ ወንዱ አንድ ከባድ ጥያቄ ይቀራል፤ አገሩ ሚስት አለችው? በ1880 ቆጠራ በአሜሪካ 105,465 ቻይናውያን ተመዝግበዋል፤ ሴቶቹ 4,779 ብቻ ናቸው። ብዙዎቹ ወንዶች ከደቡብ ቻይናው ጓንግዶንግ ሲነሱ ቤተሰብ ድረው አስቀምጠዋቸዋል፤ ገንዘብ ይልካሉ፣ አንዳንዱ ሚስቱን እንደገና ሳያያት ያረጃል። በ1875 የወጣው የፔጅ ሕግ ቻይናውያት ሴቶች እንዳይገቡ አስቸጋሪ አድርጎት ነበር። ወንዱ ሚስት እንዳለው ለመበለቲቱ ይናገር፣ አይናገር የእርስዎ ውሳኔ ነው፤ ጥያቄውን ጨርሶ መዝለል ግን የዘመኑን ትልቁን ሐዘን መዝለል ነው። ፀጉሩንም ያስቡበት። ረጅሙ ጉንጉን ቻይናን ይገዛ የነበረው የቺንግ መንግሥት ግዴታ ነበር፤ የቆረጠ ሰው አገሩ የመመለስ ሐሳቡን እንደቆረጠ ይታያል። ለሠርጉ ሲል ቢቆርጠው ሁለቱም ወገን ምን እንዳደረገ ይገባዋል።

ወደ ንብረት ስንመለስ፣ ጥንዶቹን የሚያድኑ ሦስት ነገሮች ነበሩ። አንደኛው ኑዛዜ ነው። ሰው ንብረቱን ሚስቱ ላልሆነችም ሰው መናዘዝ ስለሚችል፣ ጋብቻው ቢፈርስም ኑዛዜው አይፈርስም፤ ስሟን ጽፎ «ሚስቴ» ከማለት ይልቅ ማንነቷን በሙሉ ስም ይግለጽ፣ ምስክሮቹም ከሚወርሱት ውስጥ አይሁኑ። ኦፊሊያ ፓኬት የተጎዳችው ኑዛዜ ስላልነበረ ነው። ሁለተኛው ቤቱን ከመጀመሪያው በእሷ ስም መግዛት ነው። ከመጋቢት 1887 በኋላ ይህ ግዴታ ሊሆን ተቃርቧል፤ የፌዴራል ሕግ በግዛቶች ውስጥ ዜጋ ለመሆን ማመልከቻ ያላቀረበ የውጭ ሰው መሬት እንዳይገዛ ከለከለ፣ ቻይናዊ ደግሞ ማመልከቻውን ማቅረብ አይፈቀድለትም። እዚህ ላይ የሴቲቱ የትውልድ ቦታ ወሳኝ ይሆናል። ከ1854 በፊት ቱሰን ከኖረ ቤተሰብ ከሆነች ዜጋ ናት፤ ከሶኖራ ከመጣች እሷም የውጭ ሰው ናት። ለታሪኩ የሚቀልለው የቱሰን ልጅ ብትሆን ነው። ሦስተኛው በልጆቹ ስም ማድረግ ነው። አሜሪካ ምድር የተወለደ ልጅ በ1868ቱ 14ኛ ማሻሻያ ዜጋ ነው፤ ለቻይናውያን ልጆችም እንደሚሠራ በ1898 የአሜሪካ ጠቅላይ ፍርድ ቤት በዎንግ ኪም አርክ ጉዳይ አረጋግጧል። ፈራሽ ጋብቻ የሚያሳጣው ዜግነቱን ሳይሆን ሕጋዊ ልጅነቱን፣ ማለትም ያለ ኑዛዜ የመውረስ መብቱን ነው። ልጃቸው ሴት ከሆነችና ካደገች በኋላ ቻይናዊ ካገባች ደግሞ በ1907ቱ ሕግ ዜግነቷን ታጣለች፤ ይህ ለቻይናዊ ሚስቶች እስከ 1931 ቆይቷል።

ለሸሪፉ ምዕራፍ ምትክ ከፈለጉ የ1892ቱን የጊሪ ሕግ ይያዙ። ማንኛውም ቻይናዊ የጉልበት ሠራተኛ የመኖሪያ ምስክር ወረቀት አውጥቶ መያዝ አለበት፤ ቀነ ገደቡ ተራዝሞ እስከ ግንቦት 1894 ደረሰ፣ ፎቶግራፍም ተጨመረበት። ሳይይዝ የተገኘ ይባረራል። ማምለጫው በሕጉ ውስጥ ተጽፏል፦ ቀድሞ በሕጋዊ መንገድ ይኖር እንደነበር ቢያንስ አንድ ታማኝ ነጭ ምስክር ማቅረብ። በኅዳር 1893 ማሻሻያ ቃሉ «ቻይናዊ ያልሆነ ምስክር» ስለተባለ ትዕይንቱን ከዚያ በፊት ያድርጉት። አሁን ያስቡት፤ ያቺ ለጋብቻ ሲሆን ነጭ ናት የተባለች ሴት ለምስክርነት ስትቀርብ ነጭ ትባላለች ወይ? ሚስቱ ነኝ ካለች የጋብቻ ክልከላው ጥያቄ ይመጣባታል፤ ጎረቤቱ ነኝ ካለች ልጆቿን ትክዳለች። ሙሉ ምዕራፍ ይወጣዋል።

አካላዊ ጥቃት አልነበረም ማለቴ አይደለም። በሎስ አንጀለስ በጥቅምት 1871 አሥራ ስምንት ያህል ቻይናውያን በሕዝብ አመፅ ተገድለዋል፤ በዋዮሚንግ ሮክ ስፕሪንግስ በመስከረም 2 ቀን 1885 ቢያንስ 28። ቢዝቢ የምትባለው የአሪዞና የመዳብ ከተማ ቻይናዊ እንዲያድርባት አትፈቅድም ነበር። ቱሰን ከእነዚህ ሁሉ የረጋች ነበረች፤ ወሬው ግን በጋዜጣና በባቡር ይደርሳል፣ አትክልተኞቹም ሰምተው ያድራሉ። ጥቃቱን በዜና መልክ አስገቡት እንጂ ወደ ቱሰን አታምጡት።

ታሪኩን እስከ ልጅ ልጅ የሚዘልቁት ከሆነ ሶኖራ ላይ የሆነውን ይወቁ። መጠጊያ የነበረችው ያች ምድር በ1923 የቻይናዊ ወንድና የሜክሲኳዊት ጋብቻን በሕግ ከለከለች። በ1931 እና በተከታዮቹ ዓመታት ቻይናውያኑ ከሜክሲኳውያት ሚስቶቻቸውና ከልጆቻቸው ጋር ተባረሩ፤ ብዙዎቹ ወደ አሪዞና ሲሻገሩ የአሜሪካ ኢሚግሬሽን ይዞ ወደ ቻይና ላካቸው። የአሪዞና ክልከላ ራሱ የተሻረው በ1962 ነው።

ለተራኪነት ዘሩን በመዝገብ የሚፈልግ የልጅ ልጅ ካሰቡ፣ ምን ሊያገኝ እንደሚችል በልክ ይጻፉ። በ1880 ቆጠራ ቆጣሪው በአጭር ምልክት ነጭ፣ ጥቁር፣ ክልስ፣ ቻይናዊ ወይም የአገሬው ተወላጅ ብሎ በዓይኑ ይሞላል። የ1890ው ቆጠራ ቅጽ ከ1921 ቃጠሎ በኋላ ጠፍቷል ማለት ይቻላል፤ ስለዚህ ጋብቻውና የልጆቹ ልደት በአብዛኛው በዚያ ክፍተት ውስጥ ይወድቃል። በክፍተቱ ውስጥ የሚገኘው የጥምቀት መዝገብ ነው፤ እዚያ አባትየው በክርስትና ስሙ ስለሚጻፍ ቻይናዊ መሆኑ ላይታወቅ ይችላል። በ1900 ቆጠራ ግን ስንት ዓመት በትዳር እንደቆዩና በየትኛው ዓመት አገር እንደገባ ተጠይቋል። ሴቲቱ «አሥራ ስምንት ዓመት» ብላ ከመለሰች የልጅ ልጇ 1882 ላይ ይደርሳል፤ ከዚያ በኋላ ያለው ፍለጋ ሎርድስበርግ ነው።